ጨው የሚበላው ጉድጓድ

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወጣት የመብራት ሠራተኛ የቤታችንን ሽቦ ሊያድስ መጣ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ከልጄ ከአስቴር ጋር ነው። ወጣቱ ትሑት ነው፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን አሮጌ ሽቦ እያየ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ መቆፈር ጀመረ። እኔ ወንበሬን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ተቀምጬ ነበር። ክንድ ተኩል ያህል እንደ ቆፈረ ቀና አለና «አባባ፣ ቤት ውስጥ ጨውና ከሰል ይገኛል?» አለኝ። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አስቴርን ጠርቼ ያለውን ሁሉ አምጪለት አልኳት። ጨውና የተወቀጠ ከሰል ቀላቅሎ ጉድጓዱ ውስጥ ሲጨምርና ውሃ ሲያፈስበት ያ ሽታ መጣ። ጨው ደግሞ ይሸታል ወይ ትሉ ይሆናል። ለእኔ ይሸተኛል፤ ከሽታው ጋር የሚመጣውም ሁልጊዜ ያው አንድ የሚካኤል ቀን ነው።

ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔም በቅጡ አላስታውሰውም። ስለ መንግሥት የሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት፣ አንድ ጠርሙስ ላምባ በስሙኒ፣ ዶሮ በሃምሳ ሳንቲም የሚገዛበት ዘመን ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ሞተርና ኮረንቲ ተምሬ፣ የአንድ ጣሊያን ፎርማን ስድብ ጠግቤ፣ በኪሴ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዤ ወደ መንዝ ተላክሁ። እስከ መሐል ሜዳ በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድሁ። ከዚያ ወደ ጓሳ አቅጣጫ ግማሽ ቀን በበቅሎ። የለበስሁት ስስ ግራጫ ኮትና ሹል ጫማ ነበር፤ በዘመኑ የአዲስ አበባ ጎረምሳ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚለብሰው። የመንዝ ብርድ ግን ዘመናዊ ሰው አያውቅም። በሳምንቱ ከገበያ ጥቁር በርኖስ ገዛሁ፤ የደመወዜን ግማሽ ወሰደብኝ። የበግ ሽታው እስኪለቅ ሁለት ወር ፈጀ፣ ወይም እኔ ለመድሁት። ያ በርኖስ ዛሬም ሣጥን ውስጥ አለ። አስቴር ለነዳያን እንስጠው ትለኛለች፣ እኔ ሣጥኑን እቆልፋለሁ።

መንደሯ ስም ቢኖራትም ልተወው። አንድ መንገድ፣ ሦስት ሱቅ፣ በረንዳ ላይ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከላይ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ከታች ትምህርት ቤቱ፣ መሐል ላይ ደግሞ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ያለው ክሊኒክ። ዳር ላይ ያለው ሱቅ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ነበረው፤ ከሰዓት በኋላ ክራር ሲለቅ ገበያተኛው አህያውን አቁሞ ይሰማ ነበር። ለክሊኒኩ ከውጭ አገር የመብራት ሞተር በስጦታ መጥቶለታል፤ ከየትኛው አገር እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ በላዩ የተጻፈውንም ማንበብ የቻለ አልነበረም። ዘጠኝ የጽድ ምሰሶ አስቆምሁ። አንዱን መስመር ለክሊኒኩ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን ለሚካኤል ደጀ ሰላም ዘረጋሁ። አምፑሉ መጀመሪያ የበራ ዕለት ቄሰ ገበዙ አማተቡ፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች አጨበጨቡ፣ እኔም ተኮፈስሁ። አሁን ሳስበው ዘጠኝ ምሰሶ ነው። ለሰው ልጅ መኮፈሻ ዘጠኝ ምሰሶ ይበቃዋል።

ከክሊኒኩ በስተኋላ፣ ከአጥሩ ጋር ተያይዞ የእትዬ የሺ ቤት ነበር። እትዬ የሺ ባላቸው የሞተባቸው፣ አርባ አምስት ግድም የሚሆኑ፣ ምላሳቸው የተሳለ፣ እጃቸው ግን የሚሰጥ ሴት ነበሩ። ሀብታቸው ጥቂት የገብስ ማሳና ሰባት በግ ነው። ሽቦው በጎጇቸው አናት ላይ አልፎ ወደ ሚካኤል ይሄዳል፣ ለእሳቸው ግን መብራት የለም። እኔን ባዩ ቁጥር ሱፍ እየፈተሉ እንዲህ ይሉ ነበር፦

አሉኝ መብራት መጣ በሽቦ ተጎትቶ፣
የኔን ደጅ ዘለለው በላይ በላይ ወጥቶ።

«እትዬ፣ ይህን ግጥም አዲስ አበባ ቢሰሙት ያስሩዎታል» እላቸዋለሁ። «ይሰሩኛ፤ እስር ቤቱ መብራት አለው አሉ» ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሴን ያጥቡልኝ፣ ቆሎ ይቋጥሩልኝ ነበር። እናቴ አዲስ አበባ ነች፣ በመንዝ እሳቸው እናቴ ነበሩ ማለት ይቻላል።

የክሊኒኩ ድሬሰር ጋሽ ካሳ ይባላል። ከእኔ በአሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። ካኪ ሱሪ፣ ነጭ ጋወን፣ በብርዱም በፀሐዩም ክራባት። እያፏጨ ይሠራል፤ ሕፃን ሲወጋ ፉጨቱን ከፍ ያደርጋል፣ ሕፃኑ አፉን አፉን ሲያይ መርፌው ገብቶ ይወጣል። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ፍቼ ነበሩ፤ ቤት ሠርቶ ሊያመጣቸው ድንጋይ ያስጠርብ ነበር። መርፌ የሚቀቅልበት የኮረንቲ ሣጥን ነበረው፣ የብረት ሣጥን፣ ውሃ ተሞልቶ የሚፈላ። በመጣሁ በአምስተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት «ሞላ፣ ይህ ሣጥንህ ቆነጠጠኝ» አለኝ። ብነካው እውነትም እጄን ነዘረኝ። የውስጡ ማሞቂያ ተሰንጥቆ ኮረንቲው ወደ ሣጥኑ አካል ያመልጥ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህች ላይ ነውና። ኮረንቲ ወደ መሬት መሄድ ይወዳል። ስለዚህ ከሣጥኑ አካል አንድ ሽቦ ይወጣል፣ ከግድግዳው ኋላ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ሰሌዳ ጋር ይታሰራል። ያመለጠው ኮረንቲ በዚያ ይወርዳል፣ ሰው ይተርፋል። ሽቦው ከሌለ ግን ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። የመንዝ መሬት ድንጋይ ነው፤ በጋ ላይ ደርቆ ሲሰነጠቅ ኮረንቲ አይቀበልም። መድኃኒቱ ሰሌዳው በተቀበረበት ላይ ጨውና ከሰል ጨምሮ ውሃ ማጠጣት ነው። እኔም እንደዚያ አደረግሁ፣ ሣጥኑ መቆንጠጡን ተወ። አዲስ ማሞቂያ ይላክልን ብዬ ሦስት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ጻፍሁ፣ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጨው አመጣለሁ፣ አሞሌውን ከስክሼ አፈስሳለሁ፣ በባልዲ ውሃ አጠጣለሁ።

ይህን ሁሉ እትዬ የሺ በአጥራቸው በኩል ያዩ ነበር። ጨው በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ከስንት ቀን መንገድ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ ነው፤ በግ ጨው ካልላሰ አይሰባም፣ ጠጉሩም አያምርም። አንድ ቀን እንዝርታቸውን ይዘው አጥሩ ጥግ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ መሬቱ ምን አጥቶብህ ነው ጨው የምታበላው?»

«ኮረንቲ ሲበላ አልጫ ሆኖበት ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

ሳቁ። «‹ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል› ሲባል ሰምቻለሁ፣ ሳይበሉት መሬት የሚቀብሩት ግን ዛሬ አየሁ» አሉ።

እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ፣ ይህ ሰሌዳ የሰው ነፍስ ይጠብቃል፣ አይንኩት ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። የገበሬ ሴት አይገባትም ብዬ ነው የተውሁት። እሳቸው ከእኔ ይልቅ የሚገባቸው ሰው ነበሩ፤ ገብስ ሳይበቅል ከመሬቱ ቀለም የሚያውቁ ሴት።

በዚያ ዓመት በልጉ ከዳ። ትንሽ አንጠባጠበና ቀረ፤ ገብሱ ጣት ሙሉ ሳይሆን ቢጫ ሆነ። የአገሩ ሁሉ የጋራ ግጦሽ የሆነው ጓሳ ደግሞ በሽማግሌዎች ሕግ ተዘግቷል። እንደሚታወቀው ጓሳ ለስንት ዓመት ይከበራል፣ ሣሩም ግጦሹም እስኪፈቀድ ማንም አይደርስበትም። በግ ያለው ሁሉ የሚያበላው አጣ። ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። እንደዚህ ባለ ጊዜ በዓል ይከብዳል። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለ እግዚአብሔር ቀን መሬት የነካ ሰው ሰማዩን ያስቆጣል፣ ዝናቡን ይከለክላል፣ ወይም በረዶ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ወር ያልሞላው ነገር ነው፣ በማርያም ዕለት ጓሮው ውስጥ ድንች ሲቆፍር የተገኘ ሰው ደብሩ ፊት ቆሞ ይቅርታ እስኪጠይቅ ማኅበረተኛው ሰላምታ ነስቶት ነበር።

የሚካኤል ዕለት ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሼ በክሊኒኩ ኋላ በኩል አቋርጬ ወረድሁ። መጀመሪያ ያየሁት የመዳብ ሰሌዳውን ነው። ተነቅሎ ወጥቷል። በአመድ ታሽቶ፣ ታጥቦ፣ እንደ ሰርግ ሣህን እያበራ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሽቦው ከእሱ ተፈትቶ አፈሩ ላይ ተጋድሟል። ጉድጓዱ ባዶ ነው፤ ጨው የጠጣው ጥቁር አፈር በሙሉ ተዝቆ ሄዷል። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ የእትዬ የሺ በጎች ጥቁሩን አፈር ከበው ይልሳሉ። የተራበ በግ እንዴት እንደሚልስ ያየ ያውቃል። ለእትዬ የሺ፣ ለከብት የሚሆን ጨዋማ አፈር ካለበት እየዛቁ ማምጣት ከልጅነታቸው ያወቁት ሥራ ነው። በዋዜማው፣ በዓሉ ሳይገባ ዝቀውታል። ሰሌዳው ደግሞ የሰው ዕቃ ነው፤ ስለዚህ አጥበው፣ አሳምረው፣ ባለቤቱ እንዲያገኘው አስቀምጠውታል።

ቆምሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ፎርማኑ ሌላ ነገር ባያስተምረኝ ይህን አስተምሮኛል። ሽቦውን መልሼ አስሬ፣ ሰሌዳውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቼ አፈር በእጄ መመለስ ነበር። ግን ከላይ ነጭ በነጭ የለበሰው ሕዝብ ከቅዳሴ ይወርዳል። ከከተማ የመጣው የኮረንቲ ሰው በሚካኤል ቀን መሬት ሲጭር ቢያዩኝ የበልጉ መክዳት በእኔ ይላከካል። ነገ ጠዋት አደርገዋለሁ አልሁ። እሺ፣ አለመቆፈሩ ይሁን። ሞተሩን አለማስነሳትስ እችል አልነበር? ጋሽ ካሳ ግን የአንገት እብጠት ያለባት ልጅ መርፌ ይጠብቃታል ብሎኛል። ታዲያ ለእሱ መንገርስ? እሱን ልነግረው ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግረው ብዬ ነው ወደ ክሊኒኩ በር የሄድሁት። እሱ ደግሞ ከፍቼ ደብዳቤ መጥቶለት ነበር። ትልቋ ልጁ ስሟን በራሷ እጅ ጽፋለታለች፣ ወረቀቱን ለእኔ ያሳያል፣ ፊደሏን በጣቱ ያስቆጥረኛል። «ለፋሲካ ይመጣሉ ሞላ፣ ጣራው ይደርሳል» አለኝ። እኔም ጥሩ ነው ጋሼ አልሁት። ከዚያ ሄጄ ሞተሩን አስነሳሁ። በእጄ የሚሠራው ሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ከሞተሩ ወደ ደጀ ሰላም ወጣሁ፤ የሚካኤል ማኅበር ጸበል ጻዲቅ ነበር። እትዬ የሺ ጠላ ይቀዱ ነበር። «ጦም አዳሪ፣ ና ብላ» ብለው ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። አንድ ጊዜ ስለ አፈሩ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትሁ፣ ሰው ስላለ ተውሁት። ሁለተኛውን ዋንጫ ሳልጨርስ ከታች ጩኸት መጣ። መጀመሪያ የሰማነው የልጅቷን እናት ድምፅ ነው። ሮጥሁ። ሌላው ወደ ክሊኒኩ ሲሮጥ እኔ ወደ ሞተሩ ሮጥሁና አጠፋሁት። ወደ ክሊኒኩ ስገባ ጋሽ ካሳ ሣጥኑ ሥር ወድቋል፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ክራባቱ እንደተስተካከለ ነው። ደረቱን ጫንሁ፣ እንደተማርሁት። ብዙ ጫንሁ። በመጨረሻ ቄሰ ገበዙ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩና «ይበቃል ልጄ» አሉኝ።

አላለቀስሁም። ሰው ሁሉ ደነገጠና ነው አለ። እኔ ግን ድንጋጤም አልተሰማኝም። ብዙ ጊዜ ብርድ የመታው ጣት እንደሚሆነው ነው የሆንሁት፣ ቢቆርጡትም አያውቅ። በሁለተኛው ቀን ከመሐል ሜዳ የመጣ ሹም ከግድግዳው ኋላ አቁሞ ጠየቀኝ። «ይህ ነገር ተነቅሎ አይተኸው ነበር?» አለኝ።

«አላየሁም» አልሁ።

እትዬ የሺ ግን ማንም ሳይጠራቸው ከቤታቸው ወጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። «እኔ ነኝ ያወጣሁት ጌታዬ። ለበጎቼ ነው። ሰው እንደሚገድል አላወቅሁም» አሉ። ሽማግሌዎች ገቡበት፤ ሳታውቅ ነው፣ ድሃ ናት፣ ተባለ። ከፍቼ የመጡት የጋሽ ካሳ ወንድም ሽማግሌዎቹን ሰምተው ይቅር አሉ። የጋሽ ካሳ ሚስት ግን ጋወኑን ታቅፋ ተቀምጣ ማንንም አላየችም። ሁለቱ ልጆች ጣራው ባልደረሰው ቤት ውስጥ ድንጋይ ይደረድሩ ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ እትዬ የሺ ማደሪያዬ መጡ። ሳይቀመጡ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ሞላ፣ እውነቱን ንገረኝ። እኔ ባልነቅለው ኖሮ ካሳ ይተርፍ ነበር?»

«ይተርፍ ነበር» አልኳቸው።

«ከነቀልሁት በኋላስ? ያየ ሰው ቢኖር?»

«ያየ አልነበረም እትዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «በእኔ አለቀ እንግዲህ» ብለው ሄዱ። ያን ጊዜ ተከትያቸው መሄድ እችል ነበር። ከደጃፌ እስከ ቤታቸው መቶ እርምጃ አይሞላም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም።

የንስሐ አባታቸው ሰባት ሳምንት ጦምና ስግደት ሰጧቸው። እትዬ የሺ ከዚያ በላይ በራሳቸው ላይ ጨመሩ፦ ጨው ተዉ። ወጥ ያለ ጨው፣ ንፍሮ ያለ ጨው። ቄሱ ይበቃሻል ቢሏቸው «አባቴ፣ በጨው የገደለ ጨው አይበላም» አሏቸው አሉ። እኔ በመስከረም ሥራውን ለቅቄ ወጣሁ። ማሞቂያው የመጣው በወጣሁ በወሩ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። ለሥራ እስከ ራቤል ከተማ ደርሼ ስመለስ ነው። መንግሥት ተለውጧል፣ ሱቆቹ አምስት ሆነዋል፣ ከምሰሶዎቼ ሦስቱ ቆመዋል፣ ሽቦ ግን የላቸውም። እትዬ የሺ ነጭ ጠጉር ብቻ ሆነው ፀሐይ ላይ ሱፍ ይፈትሉ ነበር። በድምፄ አወቁኝ። «የኮረንቲው ልጅ፣ በርኖስህን ጣልኸው?» አሉኝ። የባቄላ ንፍሮ አቀረቡ፣ በሁለት ሣህን። አንዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ፤ «ያንተ ጨው አለው» አሉ። ወዲያው ገባኝ። ልነግራቸው እንደመጣሁ ለራሴ ነግሬ ነበር፤ በመንገዱ ሁሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ንፍሮውን በላሁ። ጥሩ ንፍሮ ነበር። መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምሁ፣ እሳቸውም «ልብህ ደግ ነው፣ አልረሳኸኝም» አሉኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ። እስከ መጨረሻው ጨው አልቀመሱም አለ የነገረኝ ሰው፣ እንደ ገድል አድርጎ።

ባለፈው ሐሙስ የመጣው የመብራት ልጅ ጉድጓዱን ደፍኖ በእግሩ ደለደለው። «አባባ፣ በጋ ላይ ውሃ ያጠጡት። ልጆች ወይም በግ እንዳይጭሩት ብቻ ይዩልኝ» አለኝ። እሺ አልሁት። መሣሪያውን ሰብስቦ፣ እጁን ታጥቦ፣ አመስግኖ ሄደ። ያ አፈር ረጥቦ ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። እስኪደርቅ ድረስ አየሁት።

በምሳ ሰዓት አስቴር ሽሮ አቀረበች። «አባዬ፣ አትቀየመኝ፣ ጨው የለውም፤ ያለው ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ» አለችኝ። ግድ የለም አልኳት፤ እንዲያውም ይሁን፣ ዛሬ እንኳ እንዲህ ልብላ ብዬ ቀረብሁ። አንድ ጎረስሁ። ሁለተኛውን ጎረስሁ። ሦስተኛውን ጠቅልዬ በእጄ ይዤ ጥቂት ቆየሁ፣ ከዚያ ሣህኑ ላይ መለስሁትና ከሱቅ ጨው እንድታመጣልኝ ላክኋት።